ያውቁ ኖሯል? ቆዳ፣ ቀለምና ወስፌ

በትርፍ ሰዓታቸው ቦርሳ፣ ቀበቶና የካርድ መያዣ በእጃቸው ለሚሰፉ፣ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብለው ቢላ ለማንሳት ለተነሡም አንባብያን የተለቃቀሙ ቁም ነገሮች።

ያውቁ ኖሯል? ቆዳ ሊገዛ የገባ ጀማሪ ከዋጋውና ከቀለሙ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «በምን የለፋ ነው?» ብሎ ነው። አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በሁለት መንገድ ነው፤ ታኒን ባላቸው ቅጠሎች፣ ልጣጮችና ፍሬዎች፣ አለዚያም በክሮም ጨው። በዕፅዋት የለፋው ቆፍጠን ያለ፣ ቡናማ፣ ውኃ ሲጠጣ የሰጡትን ቅርጽ የሚይዝ ነው። በክሮም የለፋው ልስልስ፣ ተለጣጭ፣ እርጥበትንም ሙቀትንም የሚችል ነው። ቀለሙ፣ መሣሪያው፣ የጠርዙ አጨራረስ ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል። በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ይላል እንዲሉ፣ ቆዳም ሲለፋ የጠጣው ነገር እስከ መጨረሻው አይለቀውም።

በክሮም ማልፋት ከሺህ ዓመታቱ የቆዳ ታሪክ አንጻር የትናንት ነገር ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ክናፕ እ.ኤ.አ. በ1858 ስለ ዘዴው ጻፈ፤ ኦገስተስ ሹልትዝ ደግሞ በ1884 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። በዕፅዋት ሲለፋ ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በበርሜል ውስጥ በአንድ ቀን ግድም የሚያልቅ ሆነ። ዛሬ ዓለም ላይ ካለው ቆዳ እጅግ የሚበልጠው በክሮም የለፋ ነው። ከበርሜሉ ሲወጣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ በፋብሪካዎቻችንም «ዌት ብሉ» ይባላል።

ሻጩ ስለ አለፋፉ ካላወቀ ቆዳው ራሱ ይናገራል። ጫፉን በስለት ቆርጠው የተቆረጠውን ጎን ይዩት። መሐሉ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ሁለቱ ፊቶች ብቻ ቀለም ከለበሱ ክሮም ነው። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ከሆነ በዕፅዋት የለፋ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሌላም አለ፤ ቀለም ያልተቀባውና ያልተሸፈነው የዕፅዋት ቆዳ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ብትወድቅ ወዲያው ጠቁሮ ይመጥጣታል። በእሳት አቃጥሎ የአመዱን ቀለም ማየት የሚባለውን ምክር ግን አይስሙ፤ በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቃጠል ክሮሙ ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ያንኑ ክሮም ስድስት የሚባለውን፣ ቆዳችንን በሚነኩ የቆዳ ውጤቶች ውስጥ ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ገድቦታል።

አበባና ሐረግ በማኅተም መምታት የሚቻለው በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ክሮሙ ቢመቱትም ተመልሶ ይነፋል። መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ቆዳው በስፖንጅ ይረጥብና ይጠበቃል፤ ከላይ ወደ ተፈጥሮ ቀለሙ መመለስ ሲጀምር፣ ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ግን ገና ሲቀዘቅዝ፣ ሰዓቱ ያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? እረኛ እየቀጠፈ የሚወራወርበት እምቧይ የቆዳ መድኃኒት ነው። በአገራችን በባህላዊ መንገድ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ፍሬውን ይጠቀሙበታል። ቀንጠፋም ከእሾሁ ባሻገር ቆዳ ለማልፋትና ለማቅላት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚሁ ቁጥቋጦ ሲተርክ፣ ንጉሡ ለጉዞ ሲነሡ መንገድ ላይ ያለው ቀንጠፋ ሁሉ ተቆርጦ እንዲጠብቅ አዋጅ ይነገር እንደነበር ጽፏል። ልብስ የሚያዝ እሾህ ንጉሥንም ያስፈራ ነበር ማለት ነው።

ቆዳ ለማጥቆር ቀለም መግዛት ግድ አይደለም። ጥቂት የዛጉ ሚስማሮች በብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ይጣሉ፤ ክዳኑ አይጥበቅ፣ ጋዝ ይወጣዋልና። ከሳምንት በኋላ አቼቶው የሻይ መልክ ይዞ ይቆያል። በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉትና በብሩሽ በዕፅዋት የለፋ ቁራጭ ላይ ይቀቡት። መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ ብሩሹ ያለፈበት ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫው ይጠይማል፣ ዓይንዎ እያየ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ይሆናል። ይህ ላዩን የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ብረቱ ቆዳው ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ቆዳው ራሱ ጠቁሯል፤ ስለዚህ እጅም ልብስም አያጠቁርም። ቆዳው ፈዘዝ ካለ አስቀድመው ወፍራም የሻይ ቅጠል ውኃ ያጠጡት፤ ሻይም ታኒን አለው። በመጨረሻ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው ያልብሱት፣ አሲዱን ይገድልለታል፤ ሲደርቅ ዘይት ያስፈልገዋል። የብረቱን አቼቶ በክሮም ቆዳ ላይ ቢያፈሱት ታኒን ስለሌለው እንዲህ ያለውን ጥቁር አያገኙም።

ብረትና ታኒን ተገናኝተው የሚሰጡት ጥቁር አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ደብዳቤና ሰነድ የጻፈችበት ቀለም ነው። እዚያ ታኒኑ የሚገኘው የባሉጥ ዛፍ ላይ ነፍሳት ከሚያበቅሉት እባጭ ነበር።

የተገዛ ቀለምን በተመለከተ ዋናው ልዩነት በሚገባውና በሚቀመጠው መካከል ነው። የአልኮል ቀለም ፈጥኖ ይሰርጋል፣ ይደምቃል፤ ነገር ግን ቆዳውን ያደርቀዋል፣ እጅ ካልፈጠነም የብሩሽ መስመር ይተዋል። የውኃ ቀለም ሽታው ቀላል ነው፤ ለቤት ውስጥ ሥራ ይመቻል፤ አገባቡ ግን ጥልቅ አይደለም። የዘይት ቀለም ዘግይቶ ይደርቃል፣ በምትኩ ወጥ ሆኖ ይይዛል። አክሪሊክ ደግሞ ቀለም ከመሆን ይልቅ ልብስ ነው፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ በወፍራሙ ከተቀባም መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ነጭ ቆዳ ሲፈልጉ ግን ምርጫዎ እሱ ብቻ ነው፤ ቡናማን ቆዳ ነጭ የሚያደርግ ሰርጎ ገብ ቀለም የለም።

ሁሉም ቀለም እርጥብ ሳለ ከደረቀ በኋላ ከሚሆነው ይጠቁራል። የገዙትን ቀለም ከዚያው ቆዳ በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክረው ያሳድሩት። ጠርሙሱ ላይ ያለው ምስል ከእርስዎ ቆዳ ጋር ዝምድና የለውም። ከደረቀ በኋላ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠግቡ ይወልውሉት፤ ያልሰረገው ዱቄት ጨርቁ ላይ ይቅር እንጂ ነጭ ሱሪ ላይ አይሂድ። ቀለም ከስፌት በፊት ይቀባል፣ ክሩን ያበላሻልና።

ሊስትሮዎቻችን የሚያውቁት ኪዊ የአውስትራሊያ ሰው ሥራ ነው። ዊልያም ራምሴ ሜልቦርን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 ለገበያ ሲያቀርበው የሰየመው በባለቤቱ አገር፣ በኒውዚላንድ፣ ወፍ ነው። ሰምና ቀለም የተዋሐዱበት ስለሆነ ማብራት ያውቅበታል፤ ጥሬ ቆዳን ዘልቆ ማቅለም ግን ሥራው አይደለም።

በሞሮኮ ፌዝ ከተማ፣ በታዋቂው ሹዋራ የቆዳ ማልፊያ ሥፍራ፣ ቆዳውን ለማለስለስ ዛሬም የእርግብ ኩስ ይጠቀማሉ። ጎብኚዎች በየሰገነቱ ሲወጡ የናና ቅጠል የሚታደላቸው ለአፍንጫቸው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በዓለም የታወቀው የጎልፍ ጓንት ቆዳ ካብሬታ የሚባለው ሲሆን የሚወጣውም ከባለ ጸጉር በግ ነው። እኛ ዘንድ ያለው በግ አብዛኛው የዚህ ወገን ነው። የባለ ሱፍ በግ ቆዳ በላይኛውና በታችኛው ሽፋን መካከል ስብ የሚከማችበት ልል ክፍል ስላለው ሲለፋ ሊላቀቅ ይችላል። የባለ ጸጉሩ ግን ጥብቅ ነው፤ ስስ ሆኖ ሳለ አይቀደድም። የእንግሊዙ ፒታርድስ እ.ኤ.አ. በ1826 የተቋቋመ ኩባንያ ነበር፤ ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያን የበግ ሌጦ ገዝቶ ጓንት ሲያደርገው ቆይቶ በኋላ እዚሁ አገራችን ኤጀርሳ ላይ ፋብሪካ ያዘ። እንግሊዝ ያለው ኩባንያ በ2023 ፈረሰ። በፍየልም ቢሆን የባቲ፣ በበግም የሰላሌ ሌጦ በዓለም ገበያ በየስማቸው የሚጠሩ ነበሩ። ባቲ የሚለውን ስም ከከተማይቱ በፊት ከቆዳው ያወቀ ጣሊያናዊ ነጋዴ ቢያጋጥምዎ አይግረምዎ።

ይህን ያህል ከተመሰገነ ታዲያ ገበያ ላይ ነቁጥ በነቁጥ የሆነው ቆዳ ከየት መጣ? ከእከክ። ቅማልና መዥገር መሰል ጥቃቅን ነፍሳት በእንስሳው ላይ የሚያመጡት ይህ በሽታ በጥሬው ሌጦ ላይ እምብዛም አይታይም፤ ጸጉሩ ወርዶ ከለፋ በኋላ ነው የሚገለጠው። ቃሉ በፈረንጆቹ የቆዳ ጥናት ውስጥም «እከክ» ተብሎ እንዳለ ገብቷል። ሲገዙ ቆዳውን ወደ ብርሃን ያዙሩት፣ በመዳፍዎ ከአንገት ወደ ጭራ ይዳብሱት፣ ገልብጠውም የሥጋውን ወገን ይዩ፤ የአራጁ ቢላ የሸረከተው እዚያ ነው የሚገኘው። ነቁጥ ያለበት ቆዳ የሚጣል አይደለም። ለውስጥ ሽፋን ይሆናል፣ ጥቁርም ይሸሽገዋል። በሙሉ ዋጋ ግን አይግዙት።

እዚህ ላይ የዚህ ዓምድ አቅራቢ አቋሙን ይናገር። የውጭ ቪዲዮ እያዩ አበባ የተቀረጸበት ወፍራም ቀበቶ ካልሠራሁ የሚል ጀማሪ አዲስ አበባ ውስጥ ሲንከራተት ይከርማል፤ ለዚያ የሚሆነው በዕፅዋት የለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ እንደ ልብ አይገኝም። በየጫማ ግብዓት ሱቁ የሚያገኘው ስስ፣ ለስላሳ፣ በክሮም የለፋ የበግና የፍየል ቆዳ ነው። ታዲያ ለምን ጓንት፣ የኪስ ቦርሳ፣ የመነጽር ቤት፣ የደብተር ልባስ አይሠራም? ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ላለው ወገናችን ግን በዕፅዋት የለፋውን ማግኘት ይቀልለው ይሆናል። ያለውን ቆዳ አይቶ ሥራ መምረጥ ሥራ መርጦ ቆዳ ከማሳደድ ይሻላል።

የአሜሪካ ሻጮች ውፍረትን በአውንስ ነው የሚናገሩት፤ አንድ አውንስ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለኪስ ቦርሳ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር፣ ለትከሻ ቦርሳ 2 አካባቢ፣ ለቀበቶ ከ3.5 እስከ 4 ይበቃል። የኪስ ቦርሳ ሲታጠፍ አራትና አምስት ድርብ እንደሚሆን የሚረሳ ሰው ሱሪው ውስጥ ጡብ ይዞ ይዞራል። ስፋት ደግሞ የሚለካው በስኩዌር ፊት ሲሆን ዋጋው የቀዳዳውንና የተሸበሸበውን ዳር ሁሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከሚያስፈልግዎ ሩቡን ያህል አስበልጠው ያስቡ።

አንድ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርባው ጥብቅ ነው፣ ሆዱ ይለጠጣል፣ አንገቱ ሽብሽብ ነው። ቀበቶና ማንገቻ ከጀርባ፣ በአከርካሪው አቅጣጫ ይቆረጣል። ከሆድ የተቆረጠ ቀበቶ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ቀዳዳ ይለምናል። የሆዱን ክፍል ለኪስና ለሽፋን ያውሉት።

«ጄንዩን ሌዘር» የሚለው ጽሑፍ ቆዳ መሆኑን እንጂ ጥሩ ቆዳ መሆኑን አይናገርም። ቆዳ ለሁለት ሲሰነጠቅ የጸጉር ወገን የነበረው የላይኛው ነው ጠንካራው፤ የታችኛው ላይ ፕላስቲክ ለብጠው ቢሸጡትም ያው «ጄንዩን» ይባላል። ከዚያ የባሰው የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጋግሮ የሚወጣው ነው። ይላላጣል፤ ጠጋኝም የለውም።

ያውቁ ኖሯል? ዛሬ የቆዳ ሠሪዎች ቁጥር አንድ መለያ የሆነው የግማሽ ጨረቃ ቢላ ግብፅ ውስጥ በሉክሶር አካባቢ በሚገኘው በረክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ረክሚሬ የፈርዖን ሣልሳዊ ቱትሞስ ሹም ነበር፤ ሥዕሉ 3,400 ዓመት አልፎታል። ባለሙያዎቹ ቆዳ ሲዘፈዝፉ፣ ሲወጥሩና ሲቆርጡ ይታያሉ።

ጀማሪ ግን ያ ቢላ አያስፈልገውም። ምላጩ የሚቀየር ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ባለ ጥርስ መብሻ፣ ሁለት ጫፋቸው የደነዘዘ መርፌዎችና የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ ሲኖሩ ሥራ ተጀምሯል። አርባና ሃምሳ መሣሪያ በአንድ ሳጥን በርካሽ ቢያዩ ይለፉት፤ ግማሹን አይነኩትም፣ የቀረው አይቆርጥም። የብረት መዶሻ መብሻን አናቱን ይፈለፍለዋል፣ ማኅተምንም ያጣምማል። ክብ መብሻ ከፈለጉ ምናለሽ ተራ ጎራ ይበሉ፤ ከጥራጊ ብረት ቧንቧ ስለት አውጥተው የሚሰጡ እጆች አሉ። ስለት ሲዳከም ደግሞ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የቆዳ ቁራጭ ለጥፈው፣ የሚያሾል ቅባት ቀብተው፣ ምላጩን ወደ ኋላ እየጎተቱ ይፈትጉበት።

የእኛ ወስፌ ስንደዶና አክርማ ስትሰፋ የኖረች ስለሆነች ጫፏ ክብ ነው። ለቆዳ የሚመረጠው ጫፉ አልማዝ መሳይ አራት ማዕዘን ያለው ነው። ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ጋደል ያለ ስንጥቅ ይሆናል፤ ክሩ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ስለሚያርፍ ስፌቱ ያ የሚወደድ ዘመም ያለ መልክ ይኖረዋል።

አሁን ስለ ስፌቱ። የኮርቻ ስፌት የሚባለው አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ ነው፤ በክሩ ሁለት ጫፍ አንዳንድ መርፌ ይታሰራል። ቆዳው በጉልበት መካከል ወይም በእንጨት ማነቆ ቆሞ ይያዛል። የግራው መርፌ በቀዳዳው ያልፋል፤ ጥቂት ሳብ ይደረግና የቀኙ በዚያው ቀዳዳ፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን በኩል፣ ይገባል። መርፌው የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋ ክሩን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለቱም እጆች እኩል ይጎትታሉ፤ ክሩ ቆዳው ላይ ሰርጎ ሲቀመጥ ይሰማል። የልብስ መኪና የላይና የታች ክሮችን መሐል ላይ ያቆላልፋል፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይፈታል። በኮርቻ ስፌት አንዱ ክር ቢበላ እንኳ ሁለተኛው በየቀዳዳው ብቻውን ይዞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ውስጥ የፈረስ ዕቃ ሲሰፋ የጀመረው ኤርሜስ ውድ የእጅ ቦርሳዎቹን የሚሰፋው ዛሬም በዚሁ ነው። ክር ሲቆርጡ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ያድርጉት፤ መሐል ላይ ክር ማለቅ ያናድዳል።

ክሩ ሰም ይፈልጋል፤ እንዲንሸራተት፣ እንዳይተረተር፣ ቀዳዳውንም እንዲደፍን። በሰም ምርት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ፈረንጅ በትንሽ ቆርቆሮ አሽጎ የሚሸጠው ያ ብርቅ ነገር ጠጅ ቤት ደጃፍ በሰፈፍ መልክ ይገኛል። ሰፈፉን በውኃ አፍልተው ያጥልሉትና ያቀዝቅዙት፤ ላዩ ላይ የሚረጋው ሰም ነው። ክሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ያድርጉበት፤ በቃ።

ጥሩ ሥራ ከመጥፎው የሚለየው በጠርዙ ነው። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና ትንሽ ውኃ ወይም ሙጫ ነክቶት በእንጨት ወይም በሸራ ይፈተጋል፤ ከፍትጊያው ሙቀት የተነሣ ያበራል። ለዚህ ታዋቂው ሙጫ ትራጋካንት ሲሆን በብዛት የሚመጣው ኢራን ውስጥ ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። የክሮም ጠርዝ ቢፈትጉት እስኪደክምዎ ነው። እሱን በጠርዝ ቀለም መቀባት ወይም አሳስቶ ወደ ውስጥ ማጠፍ ይሻላል።

አውሮፓዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ያየውን ሲጽፍ የሐረርን የመጽሐፍ ጠራዦች ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር የሚበልጣቸው እንደሌለ መስክሯል። የደጋው የብራና መጽሐፍ አጠራረዝም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የዋንዛ ወይም የወይራ ገበታ፣ በላዩ ቀይ ዳማ ቆዳ፣ ቆዳው ላይ በትናንሽ የጋሉ የብረት ማተሚያዎች የተመታ መስቀልና ሐረግ፤ ወርቅ የለ፣ ቀለም የለ። ሽፋኑን ሲከፍቱት በውስጡ በኩል ቁራጭ ሐር ወይም ባለ አበባ ጨርቅ ተለጥፎ ያገኛሉ። የሚገርመው ደግሞ ይህን በቤት መሞከር መቻሉ ነው። ማተሚያው ሲጋል መጀመሪያ እርጥብ ቁራጭ ቆዳ ላይ ይንኩት፤ ጭስ ካወጣ በዝቷል።

ብራናው ራሱ ግን በሙያው ቋንቋ የለፋ ቆዳ አይደለም። ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይደርቃል እንጂ ታኒንም ክሮምም አይነካውም። ከበሮና ነጋሪትም እንዲሁ ጥሬ ቆዳ ናቸው። ስለዚህ ነው ዝናብ ሲነካቸው የሚላሉት፣ እሳት ሲያሞቋቸው የሚጮኹት። ለአታሞ የለፋ ቆዳ ቢወጥሩ ድምፁ አይወጣም።

በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይኮማተርና ሲደርቅ ይጠነክራል። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ጥሩርና የዕቃ ማኅደር ይሠሩበት ነበር። ክሮም ደህና ከለፋ የፈላ ውኃም አይነቀንቀውም።

እስካሁን ከተገኙት የቆዳ ጫማዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ አርሜኒያ ውስጥ አሬኒ ዋሻ የተገኘው ነው፤ 5,500 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከአንድ ወጥ የከብት ቆዳ ተቆርጦ በቆዳ ጠፍር የታሰረ ሲሆን እስከ ዛሬ ያቆየው ላዩ ላይ የተከመረው የበግ በጠጥ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከ1786 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ውስጥ የነበረ ቆዳ ዛሬ ጫማና ቦርሳ ሆኗል። ሜታ ካታሪና የተባለች መርከብ ከሴንት ፒተርስበርግ ወደ ጄኖዋ ሄምፕና የሩሲያ ቆዳ ጭና ስትጓዝ እንግሊዝ ፕሊማውዝ ወደብ ላይ በማዕበል ሰጠመች። ጠላቂዎች በ1973 ሲያገኟት ጥቅል የአጋዘን ቆዳው ከጭቃው ሥር አለ። በዊሎው ልጣጭ ለፍቶ የበርች ዛፍ ቅጥራን ጠጥቶ ነበርና አልበሰበሰም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተሰጥቶት ለዕውቅ ጫማ ሰፊዎች ተሸጠ።

ከዘይት ጉዳይ ሳንወጣ፦ ለቆዳ ታዋቂው ዘይት ከከብት እግር አጥንት የሚወጣው ነው። የወጥ ቤት የኑግ ዘይት ግን አይቀቡት፤ አየር ሲያገኘው ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ታንዲ የተባለው የአሜሪካ የቆዳ ዕቃ አቅራቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ፣ ለጫማ ጠጋኞች ግብዓት በመሸጥ ጀመረ። በ1963 የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩን ሬዲዮ ሻክን ገዛ፤ በ1977 ደግሞ ቲ.አር.ኤስ. 80 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ከመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች አንዱ ከወስፌ ሻጭ ቤት ነው የወጣው ማለት ይቻላል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ቆዳ የሚያለፋውም በዚያ ስድብ ከሚጠሩት አንዱ ነበር። ያ ስድብ ዛሬም ከየሰው አፍ አልጠፋም። አገልግሉን፣ ስልቻውን፣ ኮርቻውንና የዳዊቱን ማኅደር ግን ያለ እነርሱ እጅ ማን ያገኘው ነበር?

ማስቲሽ ሲለጥፉ መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆችንም ያርቁ። ሁለቱን ፊት ቀብተው እጅ ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ካልጠበቁ አይዝም። የሚያብረቀርቅ ፊት ላይም አይዝም፤ አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት።

ለመጀመሪያ ሥራዎ ሙሉ ቆዳ አይግዙ። ሰፈርዎ ያለ ጫማ ሠሪ ወይም ቦርሳ ሰፊ ዘንድ ጎራ ይበሉና ቁርጥራጭ ይጠይቁ፤ የካርድ መያዣ ከሁለት መዳፍ ከማይበልጥ ቁራጭ ይወጣል።